በፕሪንተር ለሚታተም ጥቁርና ነጭ ፎቶ የትኛው የቀለም መለኪያ ገንዘቡን ያወጣል?

መጀመሪያ የተለመደው ስሕተት፦ ለስክሪን ማስተካከያ የሚሸጠው መሣሪያ ወረቀት አያነብም። የራሱ መብራት ስለሌለው ከወረቀት የሚመለሰውን ብርሃን መለካት አይችልም። ለኅትመት የሚያስፈልገው ስፔክትሮፎቶሜትር፣ ማለትም በራሱ መብራት ወረቀቱን አብርቶ የሚመለሰውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ነው።

ከእነዚህ መሣሪያዎች ያገለገለ ከለርመንኪ ፎቶ ከተገኘ ለጀማሪ ይበቃል፤ አዲሱ በካሊብራይት ስም የሚሸጠው ከለርቼከር ስቱዲዮ ነው። አብሮት የሚመጣው ሶፍትዌር ግን በሁለት ገጽ፣ በእያንዳንዱ 50 የቀለም ካሬ ብቻ ስለሚያነብ ለቀለም ፎቶ ቢያገለግልም ግራጫ ላይ ይደክማል። አይዋን ፕሮ 2 የተባለው ሌላው ስፔክትሮፎቶሜትር ይፈጥናል፣ ነጭ ማድመቂያ (ወረቀቱን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል) ያለበትን ወረቀትም በተለያየ የብርሃን ሁኔታ ይለካል። ሁለት ሦስት ዓይነት ወረቀት ብቻ ለሚያትም ሰው ግን ትርፍ ወጪ ነው።

ዋናው ጉዳይ ሶፍትዌሩ ላይ ነው። አንዳንድ የኤፕሰን ፎቶ ፕሪንተሮች ላይ ያለው፣ አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ኋይት የተባለው የማተሚያ ምርጫ ሦስቱን ጥቁር ቀለሞች ዋና አድርጎ፣ ሌሎቹን ጠብታ ያህል ብቻ ስለሚጨምር ፎቶው ከመብራት መብራት አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ የመምሰል ችግሩ ይቀንሳል። በዚህ አሠራር የቀለም ፕሮፋይል (ፕሪንተሩ በአንድ ወረቀት ላይ ቀለሙን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ፋይል) ቦታ የለውም፤ የሚያስፈልገው የግራጫ ፕሮፋይል ነው። ለዚህ ኳድቶን ሪፕ ከተባለው የማተሚያ ሶፍትዌር ጋር የሚመጣውን፣ ክሪኤት አይሲሲ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም የሚያህል አላየንም። ጥቅሉ 50 ዶላር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኖዝሉን (ቀለም የሚረጩትን የፕሪንተሩን ቀዳዳዎች) ፈትሹ። ባለ 21 ደረጃውን የግራጫ መሰላል (በየ5 በመቶው አንድ ካሬ) ያለ ምንም ፕሮፋይል አትሙ፤ የወረቀቱን ዓይነትና የቶን ምርጫውን (ፎቶው ሞቅ ወይም ቀዝቀዝ ያለ መልክ እንዲኖረው የሚወስነውን) በጽሑፍ ያዙ፣ አንዱ ከተለወጠ ልኬቱ ከንቱ ነው። አንድ ቀን ይድረቅ። ከሥሩ የዚያኑ ወረቀት ሁለት ሦስት ገጽ አንጥፋችሁ ለኩ፤ ስስ ወረቀት የጠረጴዛውን ቀለም ያሳልፋል። ንባቡን በጽሑፍ ፋይል አስቀምጡና ፕሮግራሙ ላይ ጎትታችሁ ጣሉት፣ ፕሮፋይሉ ይወጣል። ማክ ላይ የግራጫ ፕሮፋይል ሲያትሙ ስለሚያስቸግር አርጂቢ የተባለውን የፕሮግራሙን ቅጂ ተጠቀሙ። ፎቶውን ወደ ፕሮፋይሉ ለውጡት፣ ከዚያ መሰላሉን ባተማችሁበት ምርጫ ሳትነኩት አትሙ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጨለማው ጫፍ ነው። የ95 በመቶው ካሬ ከ100 በመቶው ጠቁሮ ከተነበበ ቀለሙ ወረቀቱን አጥግቦት ተርፏል ማለት ነው፤ ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ላይ ይህ ይበዛል። ንባቡን በእጅ ማስተካከል ለጊዜው ያሳልፋል እንጂ ጥላው ውስጥ ያለውን ዝርዝር አይመልስም። በድራይቨሩ (ፕሪንተሩን በሚያዘው ሶፍትዌር) ውስጥ ቀለም የሚያሳንስ ሌላ የወረቀት ዓይነት ምረጡና መሰላሉን እንደገና አትሙ። ማት ወረቀት እንደ ግሎሲ (አብረቅራቂ ወረቀት) ይጥቆር ብሎ መድከም ግን አያዋጣም፦ የማት ጥቁር ጥግግት (የጥቁረቱን መጠን የሚያሳየው ቁጥር) 1.6 አካባቢ ሲቆም ጥሩ ግሎሲ ከ2.2 ያልፋል፤ የትኛውም መለኪያ ይህን ልዩነት አይሞላውም።