ዩኒቨርሲቲ ወይስ ቴክኒክና ሙያ?

የሰፈራችንን ሁለት ልጆች ሳይ ሁሌ አስባለሁ። አንዱ አምስት ዓመት ሲቪል ምህንድስና ተማረ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም አለፈ። አሁን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ይፈልጋል። የዲግሪው ኮፒ ፌስታል ውስጥ ነው፤ ጠርዙ ተጣጥፏል። የወጪ መጋራት ዕዳም አለበት። በጣም ያሳዝነኛል።

ሌላው በኤሌክትሪክ ሥራ ደረጃ 4 ጨርሶ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አለፈ። ስልኩ አያርፍም። የእናቱን ቤት ጣሪያ ቀይሯል። ግን ጡረታ የለውም። ከመሰላል ቢወድቅ የሚታከመው ከኪሱ ነው።

ዲግሪ ቋሚ ቅጥር ከተገኘበት ጡረታም እድገትም አለው። ቤተሰቡን ቶሎ መደገፍ ያለበት ልጅ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ሙያውን ያስቀድም። ሥራ ይዘው ዲግሪውን በማታ የቀጠሉ ብዙ አሉ።