የሃይስኩል ስፓኒሽ፣ አማርኛ ይዞ ለሚመጣ ልጅ

ጥር ሲገባ የእናቴ ጓደኞች ስልክ ይበዛብኛል። እዚህ ሜሪላንድ የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት የሚመረጠው በብርዱ ወራት ነው። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ልጄ 9ኛ ክፍል ልትገባ ነው። ስፓኒሽ ትውሰድ ወይስ ይቅርባት? እንግሊዝኛውም እኮ ገና ነው!» ዘንድሮ አክስቴም ስለ ልጇ ጠየቀችኝ። ለእያንዳንዱ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው አልኩ።

እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣሁት በ2018 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ)። 14 ዓመቴ ነበር። ስፓኒሽን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በአንድ የመንግሥት ሃይስኩል ተማርኩ። በመጨረሻው ዓመት የኤፒ ፈተናውን (ሃይስኩል ሆነው የሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ነው) ወስጄ ከ5 4 አገኘሁ። አሁን ነርሲንግ እየተማርኩ አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ እሠራለሁ። ስፓኒሽ ሳልናገር የምውልበት ቀን የለም። ለትምህርቱ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዱን ለምን እንዳስቀረሁ እነግራችኋለሁ።

አዲስ የመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሰማው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ታሪክ ክፍል መምህሩ ከሚሉት ግማሹ ያልፈኝ ነበር። ባዮሎጂውን አዲስ አበባ ተምሬዋለሁ፤ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ዐረፍተ ነገሩን በሆዴ ሠርቼ እጄን እስካወጣ ሌላ ልጅ መልሶት ያልፋል። ስፓኒሽ ክፍል ስገባ ግን ሠላሳዎቻችንም ዜሮ ነበርን። ማንም ከማንም አይቀድምም።

መምህርታችን ኮሎምቢያዊት ናት። እንደ አገራችን «ቲቸር» ብዬ ጠራኋት፤ «ሴኞራ በይኝ» አለችኝ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ማኛና» ብላ ጻፈች። ነገ ማለት ነው። ጭረት ያለባትን «ኤን» ፊደል ለማስተማር ነበር። ልጆቹ «ማናና» ይላሉ፣ «ማንያና» ይላሉ፣ አልመጣላቸውም። እኔ ግራ ገባኝ። ይቺማ የእኛዋ «ኘ» ናት! ተራዬ ሲደርስ አልኩት። ሴኞራ ቆም ብላ አየችኝና ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ልጆቹም ከእኔ አፍ እንዲሰሙ። አሜሪካ ከገባሁ አስተማሪ ለሌላው ልጅ ምሳሌ ሲያደርገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ማታ ለእናቴ ስነግራት እንባዋ መጣ።

ከዚያ በኋላ አማርኛዬ ስንት ቦታ እንደደረሰልኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። «ፔሮ» የሚባል ቃል አለ፣ ግን ማለት ነው። ሌላ «ፔሮ» አለ፣ ውሻ ማለት ነው። በፊደላችን ስጽፋቸው አንድ ሆኑ አይደል? ልዩነቱ የአንዱ «ረ» ይላላል፣ የሌላው ይጠብቃል። «እንዲህ አለ» እና «ቤት አለ» የሚለውን የለየ ጆሮ እዚህ ጋ ምንም አይቸገርም። ጓደኞቼ ምላሳቸውን ለማንቀጥቀጥ ወር ፈጀባቸው።

ግሡም እንደዚያው። እንግሊዝኛ ያለ «አይ» እና «ሺ» አይንቀሳቀስም። ስፓኒሽ እንደ እኛ ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ይከተዋል። «እበላለሁ» አንድ ቃል ነው፤ «ኮሞ» አንድ ቃል ነው። ራስ ምታት ሲሆን «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ይላሉ። ቃል በቃል «ራሴን ያመኛል» ነው። «መጽሐፉን ለእናቴ ሰጠኋት» ስንል እናቴ ሁለቴ ትጠራለች፤ አንዴ በስሟ፣ አንዴ ግሡ ጭራ ላይ። «ሌ ዲ ኤል ሊብሮ ኣ ሚ ማድሬ» ውስጥም ያቺ «ሌ» የምትሠራው ይህንኑ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቁት ልጆች «እናቴ ተብሏል አይደል፣ ሌ ደግሞ ለምን ተደገመ?» እያሉ ሲጨቃጨቁ እኔ ምኑ እንዳስቸገራቸው አልገባኝም ነበር።

ከሁሉ የምወደው ግን «ሱብሁንቲቮ» የሚባለውን የግሥ መልክ ነው። ሦስተኛው ዓመት ላይ ይመጣል። ክፍሉን ሁሉ ያስጨነቀ ነገር ነው። «እግዚአብሔር ይባርክሻል» እና «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አንድ ናቸው? አይደሉም። አንዱ ይሆናል ብሎ መናገር ነው፣ ሌላው ይሁን ብሎ መመኘት። ስፓኒሽም «ዲዮስ ቴ ቤንዲሴ» እና «ዲዮስ ቴ ቤንዲጋ» ብሎ ይለያቸዋል። አያቴ ስትመርቀኝ ያደግኩት በዚሁ መልክ ነው። ያሳድግሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽን ያለምልመው። ሕጉን ሳላውቀው ምርቃቱን አውቀው ነበር።

ቃላቱም ቢሆኑ ሁሉም ባዳ አይደሉም። አባቴ አዲስ አበባ መካኒክ ነበር። ፍሬን «ፍሬኖ» ነው፣ ማርሽ «ማርቻ» ነው፣ ጎማ ያው «ጎማ» ነው። ስኳር «አሱካር»፣ ካልሲ «ካልሴቲን»። ከጣሊያን፣ ከፈረንሳይ፣ ከዐረብ የተዋስነው ሁሉ እዚህ ዘመዱን ያገኛል። አባቴ የቃላት ወረቀቴን እያነበበ «ይሄማ የእኛ ነው» ሲል ደስ ይለኝ ነበር።

አማርኛ የማይረዳበትም አለ፤ እሱን ልደብቃችሁ አልፈልግም። እኛ «ነው» ብለን የምንገላገለውን ስፓኒሽ ለሁለት ይከፍለዋል፣ «ሴር» እና «ኤስታር» ብሎ። «ኤስቶይ አቡሪዳ» ደብሮኛል ነው። «ሶይ አቡሪዳ» ግን እኔ ራሴ የምደብር ሰው ነኝ ማለት ነው። እስከ 11ኛ ክፍል ተሳስቻለሁ። ዕቃው ሁሉ ወንድ ወይም ሴት መሆኑም ያደክማል። ጠረጴዛ ሴት ናት፣ መጽሐፍ ወንድ ነው፣ መሸምደድ ብቻ ነው። እኛ «ይቺ ጠረጴዛ» የምንለው ስናሳንሳት ወይም ስንወዳት ነው፤ እነሱ ዘንድ ምርጫ የለም።

አክብሮቱን ግን አልረሳም። «ቱ» አንተና አንቺ ነው፣ «ኡስቴድ» እርስዎ። ክፍሉ ሁሉ ሴኞራን «ቱ» ሲላት እኔ አፌ እምቢ አለኝ። ከመጀመሪያው ቀን «ኡስቴድ» አልኳት። ይህን ነገር ለማንም ሳላብራራ የማውቀው መሆኑ ልቤን ይሞላኝ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ።

የመጀመሪያው ገና በር ላይ ነው የገጠመኝ። ትምህርት የሚያስመርጠን ካውንስለር ስፓኒሽን ከቅጼ ላይ ሰርዞት ነበር። «ኢሶል ላይ ነሽ፤ ሌላ ቋንቋ ሲጨመር ይከብድሻል። ቆይተሽ ትወስጂዋለሽ» አለኝ። (ኢሶል እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው ትምህርት ነው።) ለእኔ አስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ልክ አልነበረም። አንድ ዓመት የዘገየ ልጅ መጨረሻው ደረጃ ላይ ሳይደርስ ይመረቃል። አባቴ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ አብሮኝ ሄደ። ቁጭ ብሎ «ልጄ ትፈልጋለች» አለ፣ በቃ፣ ተመለሰልኝ። ወላጆች፣ በኢሜይል አትጨርሱት። በአካል ሂዱ።

ሁለተኛው የሰዓት ነገር ነው። ይህን እናቶች ሁሉ እንዲያሰሉት እፈልጋለሁ። የእኛ ክፍል በቀን 45 ደቂቃ ነበር። 180 የትምህርት ቀን ሲባዛ በዓመት 135 ሰዓት ነው፣ በአራት ዓመት 540። እዚሁ አጠገባችን አርሊንግተን ያለው የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ለስፓኒሽ 30 ሳምንት ገደማ ይመድባል፤ ሥራዬ ብለው ቀኑን ሙሉ ለሚማሩ ትልልቅ ሰዎች (ለአማርኛ 44 ሳምንት ነው፤ ልጆቻችሁ ምን ይዘው እንደመጡ ከዚህ እዩት)። ስለዚህ ሁለት ዓመት ወስዶ ክሬዲቱን አግኝቶ ማቆም ማለት 270 ሰዓት ሰጥቶ «ባኞው የት ነው?» ላይ መቅረት ነው። ከዚያ ሰዓት ላይ ደግሞ ሠላሳ ልጅ አለ። እያንዳንዱ አፉን የሚከፍትበት ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ቀሪው ወረቀት መሙላት ነው፣ ማብራሪያውም አብዛኛው በእንግሊዝኛ። ኮከቡ የወደቀው እዚህ ጋ ነው።

ሦስተኛው ዓመቴ ደግሞ ኮቪድ በላው። ካሜራ ጠፍቶ፣ ማይክ ተዘግቶ፣ በዙም። ሴኞራ ለጥቁር ሳጥኖች ታወራ ነበር። ለብቻዋ ስታወራ አሳዘነችኝና ካሜራዬን መክፈት ጀመርኩ። አንዳንዱን ቀን እኔና እሷ ብቻ እናወራለን፣ ሌላው ይሰማል። ያን ዓመት የተረፍኩት በዚያ ነው።

አንድ ሌላም አለ። መጽሐፉ የሚያስተምረው ስፓኒሽ እና ሰፈራችን ያለው ስፓኒሽ አይገናኙም። ዲሲና ዙሪያዋ ካሉት ላቲኖዎች ብዙዎቹ ሳልቫዶሮች ናቸው፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ። እነሱ «አንቺ አለሽ» ለማለት እርስ በርሳቸው «ቱ ቲዬኔስ» ብዙም አይሉም፣ «ቮስ ቴኔስ» ነው የሚሉት። መጽሐፋችን ስፔን ውስጥ ለሚነገረው «ቮሶትሮስ» (እናንተ) በየሰንጠረዡ ቦታ ሲሰጥ ስለ «ቮስ» አንድ መስመር አልነበረውም። አጠገባችን ያለው ሕንፃ ውስጥ የምትኖረው ጓደኛዬ ከእናቷ ጋር የምታወራው ቋንቋ መጽሐፉ ውስጥ የለም ማለት ነው።

የእኔን ጉድለት የሞላችው እናቴ ናት። እናቴ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ የሥራ ባልደረቦቿ ሳልቫዶሮች ናቸው። ሰዋስው የሚባል ነገር አታውቅም። አንድ ቀን «ጠዋት ሲገናኙ ምን ይላሉ?» ስትለኝ «ቡዌኖስ ዲያስ» አልኳት። «እሱንም ይላሉ። ከልባቸው ሲጠይቁሽ ግን ኮሞ አማኔሲዮ ነው የሚሉት» አለችኝ። ፈዝዤ ቀረሁ። እንዴት ነጋልሽ፣ እንዴት አደርሽ ማለት እኮ ነው! የእኛው ሰላምታ። «ነገ እንገናኝ» ሲሉም «ፕሪሜሮ ዲዮስ» ይጨምሩበታል፤ እኛ «እግዚአብሔር ካለ» እንደምንለው። እቁብም አላቸው፣ «ኩቹባል» ይሉታል፤ እናቴ ከእነሱ ጋር ገብታ ሁለቴ ወጥቶላታል።

ይሄ ኩቹባል ለፈተናው ጠቀመኝ። የኤፒ ስፓኒሽ ፈተና ግንቦት ላይ ነው የሚሰጠው፤ ያኔ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። እኔ በተፈተንኩበት ጊዜ ለኢሜይል መልስ መጻፍ፣ ሦስት ምንጭ ይዞ ድርሰት መጻፍ፣ ከቀረጻ ጋር እየተመላለሱ ማውራት ነበረው፤ እያንዳንዱ መልስ 20 ሰከንድ። መጨረሻ ላይ የራስን ማኅበረሰብ ከአንድ ስፓኒሽ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ጋር አነጻጽሮ 2 ደቂቃ መናገር ነበር። አራት ደቂቃ እንዘጋጅበት ነበር። ለልምምድ እቁብና ኩቹባልን አነጻጸርኩ። ሴኞራ ኩቹባል የሚለውን ቃል ከእኔ ነው የሰማችው፤ እነሱ ዘንድ በሌላ ስም ነው የሚጠራው። ለካ የእኛ ልጆች ለዚህ ክፍል የሚሆን ወሬ ከቤት ይዘው ነው የሚመጡት። ሌሎቹ ስለምን እንደሚያወሩ ሲጨነቁ እኔ የትኛውን ልተው ነበር ጭንቀቴ።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ ክፍሉ ነፃ ነው። መጽሐፍ ያበድራሉ። የኤፒ ፈተናው ወደ 100 ዶላር ነበር፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ቅናሽ አለው፣ ጠይቁ። ዲፕሎማ ላይ የሚለጠፍ የሁለት ቋንቋ ማኅተምም አለ። ካሊፎርኒያ በ2011 ጀመረችው፣ ሜሪላንድም ትሰጣለች። ይህን ልብ በሉልኝ፦ አማርኛም ፈተና አለው። ለስፓኒሽ ሳገኝ ለአማርኛም መጠየቅ እንደምችል የነገረኝ አልነበረም፤ ሰምቼው በነበር እፈተን ነበር።

ለማን አልመክረውም? ለክሬዲት ብቻ ለሚፈልገው ልጅ። እሱ ሁለት ዓመቱን የሚወደው ነገር ላይ ቢያውለው ይሻላል። አራት ዓመት ለመቆየት ለቆረጠ፣ ሰፈር ውስጥም አፉን ለመክፈት ለማያፍር ግን ዓይኔን ሳላሽ «ይውሰድ» እላለሁ። ክሊኒካችን ውስጥ ልጃቸውን አዝለው የሚመጡ እናቶች «ኮሞ አማኔሲዮ» ስላቸው ትከሻቸው ሲላላ አየዋለሁ። መርፌው ከመወጋቱ በፊት ግማሹ ሕመም የሚያልፍ ይመስለኛል።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴ ልጇን ይዛ መጣች። ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ስፓኒሽ 1 ብለን ሞላን። ልጅቷ «ከባድ ነው?» አለችኝ። «ማኛና በይ» አልኳት። አለችው፣ በአንዴ። እናቴ ቡናዋን እየቆላች ከጓዳ «አማኔሲዮንም አስተምሪያት እንጂ!» አለች። ሁላችንም እየደጋገምን ስንለው ቡናው ፈላ።