ሦስተኛው ሰዓት ላይ የሚለይ ሄድፎን፦ ሶኒ፣ ቦዝ፣ ሴንሃይዘር ወይስ አፕል?

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ሊመጣ ሲል ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሄድፎኑን ልገዛልህ ነው፤ የቱን ላምጣ?» አለኝ። መልስ እስክሰጠው ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እዚያ ያለ ሰው ዕቃው ካልተመቸው ወስዶ ይመልሰዋል። ለእኔ ግን ቦሌ ከደረሰ በኋላ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከጓደኞቼና ከሥራ ባልደረቦቼ እየተዋስኩ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ሥራዬ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር አለ።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። ከ350 ዶላር በላይ የሚሸጥ ሄድፎን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሁሉም ደስ ይላል። ሱቅ ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ዘፈን ብትሰሙ የቱም ያሳምናችኋል። ልዩነቱ የሚወጣው ሦስተኛው ሰዓት ላይ ነው። ጆሮ ሲሞቅ፣ አናት ሲጨነቅ፣ አንገት ሲደክም።

ስለዚህ ከክብደት እጀምራለሁ። የሶኒው ደብሊው ኤች 1000 ኤክስ ኤም 5 ክብደቱ 250 ግራም ነው። አዲሱ ኤክስ ኤም 6 254 ግራም ነው። የቦዝ ኳየት ኮምፈርት አልትራም እዚያው አካባቢ ነው። ሩብ ኪሎ ቡና ማለት ነው። የሴንሃይዘር ሞመንተም 4 293 ግራም ይደርሳል። የአፕል ኤርፖድስ ማክስ ደግሞ ወደ 385 ግራም ነው፤ ጆሮ የሚሸፍነው ክፍል አሉሚኒየም ስለሆነ ነው። አፕል አናት ላይ የሚያርፈውን ክፍል በወንፊት መሳይ ጨርቅ ሠርቶ ጭነቱን ለመበተን ሞክሯል፤ ለአንድ ሰዓት በእርግጥ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ለሚሠራ ሰው ግን 130 ግራም ልዩነት ቀልድ አይደለም።

ክብደት ብቻውን አይበቃም። መነጽር የሚያደርግ ሰው ሄድፎኑ ጎንና ጎኑን ሲጨምቀው የመነጽሩ እጀታ ጆሮው ሥር ይቀበራል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ደግሞ የላይኛው ማሰሪያ ሹሩባው ላይ የት እንደሚያርፍ ማየት አለባት፤ ጠባብ ማሰሪያ አንድ መስመር ላይ ይጫናል። ሻሽ ወይም ሂጃብ በስፖንጁና በጆሮ መሃል ሲገባም ክፍተት ይፈጠራል፤ ባሱ ይቀንሳል፣ የውጭው ድምፅም ይገባል። በእኔ ጆሮ ከአራቱ በጣም ለስላሳው ቦዝ ነው። አጨማመቁ ቀላል ነው፣ ስፖንጁም ሰፊ ነው። ኤክስ ኤም 5 ይከተለዋል። ሴንሃይዘር መጀመሪያ ላይ ጨምደድ ያደርጋል፤ እያደር ይላላል።

አሁን ወደ ጫጫታው። ይህን ያህል ገንዘብ የምንከፍልበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ኖይዝ ካንስሊንግ፣ ማለትም ጫጫታ ማጥፊያው ነው። ታሪኩ ደስ ይላል። የቦዝ መሥራች አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር የአውሮፕላኑ ጩኸት ሙዚቃውን ስለዋጠበት እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ ስሌቱን ጀመረ። ለአብራሪዎች የሚሆነው በ1989 ለገበያ ወጣ፤ ለተራው ተጠቃሚ የመጀመሪያው ኳየት ኮምፈርት የመጣው በ2000 ነው። አሠራሩ ቀላል ሐሳብ ነው። ማይክሮፎኖች የውጭውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ማሽኑ ተቃራኒውን ሞገድ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ይጠፋፋሉ።

ይህ የሚሠራው በተለይ ወፍራምና ሳይቋረጥ ለሚያጉረመርም ድምፅ ነው። ከቢሯችን ሥር ያለው ጄነሬተር ሲነሳ ቦዝ አድርጌ ነበር። ቁልፉን ስጫን ጄነሬተሩ ከአካባቢው የጠፋ መሰለኝ። የጠረጴዛውን መንቀጥቀጥ ግን በክርኔ ይሰማኛል። ድንገተኛና ቀጭን ድምፅ ሌላ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ ሞተሩ ይጠፋል፤ የረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ግን ይገባል፤ ክላክስም ይገባል። ሻጭ «ምንም አትሰማም» ቢላችሁ አትመኑት። በዚህ በኩል ቦዝና ኤክስ ኤም 6 ከፊት ናቸው፤ ኤክስ ኤም 5ና አፕል እግር በእግር ይከተላሉ። ሴንሃይዘር ከአራቱ ደካማው ነው። ደግሞ አንዳንድ ሰው ኖይዝ ካንስሊንግ ሲበራ ጆሮው ላይ ግፊት ይሰማዋል፤ አውሮፕላን ሲነሳ እንደሚሰማው ዓይነት። እናንተ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ከሆናችሁ ሳትገዙ በፊት የሰው ተውሳችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሞክሩ።

የድምፅ ጥራቱን የምፈትነው በበገና ነው። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሩና ድልድዩ በሚገናኙበት ቦታ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። ያ ደረት ውስጥ የሚንዘረዘር ድምፅ የሚመጣው አውታሩ ቆዳውን እየነካካ ሲርገበገብ ነው። ወፍራም ነው፣ ግን በውስጡ በጣም ደቃቅ ንዝረት አለ። ሄድፎኑ ባስ ካበዛ ደቃቁ ይታፈንና አንድ ወጥ ጉምጉምታ ይሆናል። ኤክስ ኤም 5 ከካርቶኑ እንደወጣ እንዲህ ያደርጋል። በራሱ መተግበሪያ ባሱን ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ንዝረቱ ተመለሰ። ስለዚህ ሶኒ የምትገዙ ሰዎች፣ እባካችሁ ኢኳላይዘሩን ሳትነኩ አትፍረዱበት። ኤክስ ኤም 6 ከዚህ ይሻላል። አፕል ጥርት ያለ ነው፤ ደርዳሪው ከመዘመሩ በፊት የሚስበው ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ቦዝ ባሱንም ቀጭኑንም ከፍ ያደርጋል። ለዘመናዊ ሙዚቃ ይጥማል፤ ለመሰንቆ ግን የጭራው ፉጨት ትንሽ ስል ይሆናል። ሴንሃይዘር በዚህ አሸነፈኝ። ሞቅ ያለ ነው፣ አይቸኩልም፣ በገናውን እንደ በገና ያሰማል። ዋና ጉዳያችሁ ሙዚቃ ከሆነና ጸጥ ያለ ቤት ካላችሁ ከአራቱ እሱን ውሰዱ።

ባትሪው ላይም ሴንሃይዘር ተፎካካሪ የለውም። 60 ሰዓት ይላል። ሶኒዎቹ 30፣ የቦዙ የመጀመሪያው አልትራ 24፣ አፕል 20። መብራት ሄዶ ለሁለት ቀን ሊቀር በሚችልበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህ ቁጥር ከሁሉም ሊበልጥ ይችላል። ሶኒ በጠንካራ ቻርጀር ለሦስት ደቂቃ ቢሰካ ሦስት ሰዓት ይሠራል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። አፕል የማጥፊያ ቁልፍ የለውም፤ ስታስቀምጡት ራሱ ይተኛል።

ስለ ስልክ አጭር ነገር ልበል። ሶኒ ኤልዳክ የሚባል የብሉቱዝ ኮዴክ (ድምፁን ጨምቆ የሚልክበት ዘዴ) አለው፤ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይልካል። ሴንሃይዘር አፕትኤክስ አዳፕቲቭ አለው። አይፎን ሁለቱንም አያውቃቸውም። አንድሮይድ ይዛችሁም ቢሆን የምትሰሙት ከቴሌግራም የወረደ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ከሆነ ኮዴኩ የሌለውን ድምፅ አይፈጥርም። ለዚህ ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ። አፕል በበኩሉ ሙሉ ጥቅሙን የሚሰጠው አይፎንና ማክ ላለው ሰው ነው። 3.5 ሚሊ ሜትር የጃክ ቀዳዳም የለውም። ሦስቱ ግን በገመድም ይሰካሉ።

መታጠፉን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔም እንቅ ነበር። ከዓመታት በፊት የነበረኝ ሄድፎን፣ ስሙን አልጠራም፣ ማጠፊያው ላይ ቀጭን ስንጥቅ አወጣ። በፕላስተር አስሬው ሦስት ወር ገፋሁ፤ አንድ ቀን ከቦርሳ ሳወጣው ለሁለት ተከፈለ። እዚህ የሚጠግነው አላገኘሁም። ከዚያ ወዲህ ማጠፊያ ሳላይ አልገዛም። ኤክስ ኤም 5 ጨርሶ አይታጠፍም፤ ጆሮዎቹን አዙሮ ዝርግ ይሆናል እንጂ፤ ስለዚህ መያዣው ትልቅ ነው። ኤክስ ኤም 6 መታጠፉን መልሷል። ቦዝ ይታጠፋል። ሴንሃይዘርና አፕል ዝርግ ብቻ ይሆናሉ። የአፕል መያዣ ደግሞ የላይኛውን ማሰሪያ ሳይሸፍን ይተወዋል። በ549 ዶላር ለወጣ ዕቃ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ቤት ቁጭ ብሎ ብቻ ለሚሰማ ሰው አምስተኛ ምርጫ አለ፤ የሴንሃይዘሩ ኤች ዲ 600። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ባለገመድ ነው። ጀርባው ክፍት ስለሆነ ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጫጫታም ይገባል፤ ታክሲ ላይ አይሆንም። የኤሌክትሪክ ተቃውሞው 300 ኦም ስለሆነም ብዙ ስልክ በደንብ አይገፋውም፤ አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ይፈልጋል። ግን ባትሪ የለው፣ የሚሞት ነገር የለው። ስፖንጁም ገመዱም ይቀየራል። ድምፁ ከጭንቅላት ውጭ፣ ክፍሉ ውስጥ የተነሳ ይመስላል።

ፌክ ነገር ሞልቷል። በተለይ ኤርፖድስ ማክስን የሚመስል አለ፤ አይፎን ላይ ሥዕሉ ብቅ ስላለ ብቻ እውነተኛ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ከ385 ግራም በጣም ከቀለለ ተዉት።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት ቦዝ ነው። ሙዚቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሴንሃይዘር እል ነበር። ግን ጄነሬተሩ ከሥሬ ነው፣ መነጽር አደርጋለሁ፣ ሰባት ሰዓት እቀመጣለሁ። «ቀለሙስ?» አለኝ። ጥቁር አልኩት፤ ነጩ ላይ የፀጉር ቅባት ቶሎ ይታያል። ሊዘጋው ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝና አስቆምኩት። ስፖንጅ በሁለት ሦስት ዓመት መላላጡ አይቀርም፣ እዚህ ደግሞ ኦሪጅናሉን ማግኘት ከባድ ነው። «አንድ ጥንድ ትርፍ ስፖንጅ ጨምርበት» አልኩት።