ባሕር ዳር ላይ ያየሁት የኢንዶስኮፒና የባዮፕሲ አገልግሎት

ይዤ የሄድኩት ታናሽ ወንድሜን ነው። ከዘጌ በጠዋት ጀልባ ተሻገርን፤ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ዓመት ሙሉ «ጨጓራ ነው» እየተባለ ኦሜፕራዞል ሲውጥ ከርሟል፣ ኪሎው ግን እየቀነሰ፣ ማስመለሱም እየባሰበት ሄደ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም።

ጥሩውን ላስቀድም። ጉሮሮውን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ረጩለትና ካሜራ ያለውን ቀጭን ቱቦ በአፉ አስገብተው ጨጓራውን አዩ፤ ኢንዶስኮፒ የሚሉት ይሄ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ አለቀ። ሐኪሟ ከቁስሉ ብቻ ሳይሆን ደህና ከሚመስለው የጨጓራው ክፍልና ከትንሹ አንጀት መጀመሪያም በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቁራጭ ናሙና (ባዮፕሲ) ወሰዱ። «ደህናውን ለምን ይነኩታል?» አልኳቸው። አልተቆጡም፤ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ክሮንስ የሚባለው፣ የምግብ መተላለፊያን እያስቆጣ የሚያቆስለው የቆየ በሽታ፣ የላይኛውን ክፍል ሲይዝ በዓይን ጤነኛ የሚመስል ቦታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብግነት (የመቆጣት ምልክት) ሊገኝበት ይችላል፣ ያውም እዚህም እዚያም ተበታትኖ፣ ስለዚህ አንድ ቁራጭ አይበቃም።

ቅር ያለኝ ውጤቱ ላይ ነው። በሳምንት የተባለው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ለዚያውም መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ የእንግሊዝኛ ወረቀት ሰጥታን «ጨርሳችኋል» አለች። «ግራኑሎማ» የሚለውን ቃል ሳይ ካንሰር መስሎኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ካንሰር አይደለም። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት አንድ ቦታ ተሰባስበው የሚፈጥሩት ጥቃቅን እብጠት ነው። ክሮንስ ባለበት ብዙ ሰው ናሙና ላይ ግራኑሎማ ጭራሽ አይታይም፤ ቢታይም ብቻውን ክሮንስ አያሰኝም። ቲቢም ይህንኑ ይሠራል፣ የቲቢው ግን ብዙ ጊዜ መሃሉ ሞቶ እንደ አይብ የፈረሰ ነው። እኛ አገር ይሄን መለየት ትልቅ ነገር ነው፤ ቲቢ ሆኖ ሳለ ክሮንስ ነው ተብሎ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው ስቴሮይድ ቢጀመር በሽታውን ያባብሰዋል።

የወንድሜ ናሙና ላይ የጨጓራ ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ አልተገኘም፣ የግራኑሎማውም መሃል አልሞተም። ሐኪሟ እንዲያም ሆኖ አልቸኮሉም። የቲቢ ምርመራ ጨመሩ፣ የታችኛውንም አንጀት በኮሎኖስኮፒ እስኪያዩ ድረስ ስቴሮይድ አላዘዙም። ለእኚህ ሴት ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

ለሐኪሟ ስል ደግሜ እሄዳለሁ። እናንተም ከሄዳችሁ ውጤቱ መድረሱን ሳትደውሉ ሐይቁን አትሻገሩ፤ ወረቀቱንም ከመስኮት ተቀብላችሁ እንዳትመለሱ፣ ያዘዘው ሐኪም ጋ ግቡና ናሙናው ከየት ከየት እንደተወሰደ፣ ቲቢ መታየት አለመታየቱን ጠይቁ።