የትኛውን የብስክሌት ትሬነር ልግዛ? ጎማ የሚያሽከረክረው ወይስ ጎማ የሚያስወልቀው?

ታኅሣሥ ላይ ነው። ውጭ በረዶ ይጥላል። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማዬ በቁምጣ ሆኜ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ ዋቶፒያ ላይ ዳገት እገፋለሁ። በር ተንኳኳ። ከታች ያሉት እማማ ናቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው። «ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?» አሉኝ።

ወፍጮው ትሬነሬ ነበር።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ፦ ዋቶፒያ ዝዊፍት የሚባለው መተግበሪያ የፈጠረው ደሴት ነው። ብስክሌታችሁን ትሬነር ላይ ታስራላችሁ፤ ትሬነሩ ከስልካችሁ ወይም ከኮምፒውተራችሁ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ስክሪኑ ላይ ዳገት ሲመጣ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ሜዳ ሲሆን ይቀላል። «ስማርት» የሚባሉት ይህን የሚያደርጉት ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ።

የመጀመሪያው የእኔ ወፍጮ ዓይነት ነው። የኋላ ጎማችሁ እንዳለ ይቀመጣል፣ አንድ የብረት ሲሊንደር ላይ ይጫናል፣ እሱን እያሽከረከረ ይሄዳል። ዋጋው ቀለል ይላል። ብስክሌቱን ማውጣትና ማስገባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ውጭ ለሚነዳና በሳምንት አንዴ ብቻ ቤት ውስጥ ላብ ለሚያወጣ ሰው በቂ ነው፣ አልዋሽም።

በሳምንት ሦስት አራት ቀን ስትነዱ ግን ጉዱ ይወጣል። መጀመሪያ ጩኸቱ። ቀጥሎ ጎማው። ከሁለት ወር በኋላ ስጋጃዬ ላይ ጥቁር ዱቄት አገኘሁ፤ ከጎማዬ የተፈቀፈቀ ነው። ቤቱ ጎሚስታ ቤት ጎማ ጎማ ይሸታል። ለትሬነር ተብሎ የሚሠራ ጎማ መግዛት ይሻላል፤ ያ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። የማውንቴን ብስክሌት ጥርሳም ጎማ ከሆነማ ጭራሽ አታስቡት።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ቁጥሩ ነው። ሲሊንደሩ ጎማውን የሚጫነው በቡሎን ነው። ቡሎኑን ትንሽ ካላላችሁት፣ ወይም ጎማው ትንሽ ከተነፈሰ፣ ዋቱ፣ ማለትም የእግራችሁ ጉልበት ልክ፣ ይዛባል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጎማ መንፋት፣ አሥር ደቂቃ ማሟሟቅ፣ ከዚያ መለኪያውን ማስተካከል አለ። አንድ ቀን ሰነፍኩና ዘለልኩት። ያን ዕለት እግሬ ጀግና ሆነ፣ ሰውን ሁሉ እያለፍኩ ሄድኩ። በማግስቱ አስተካክዬ ስነዳ ጀግንነቴ የቡሎኑ እንደነበር ገባኝ።

ሁለተኛው ዓይነት የኋላ ጎማውን ያስወልቃችኋል። ካቴናው በቀጥታ ትሬነሩ ላይ ባለው ማርሽ ላይ ይውላል። ጎማ የለም፣ የሚንሸራተት የለም፣ ዱቄት የለም። ድምፁ የካቴናው ብቻ ነው፤ ቬንትሌተሬ ይበልጠዋል። ንዝረቱ ግን በወለል ስለሚሄድ ከሥር ወፈር ያለ የላስቲክ ምንጣፍ አንጥፉ።

ሁለቱን ከአንድ ኩባንያ ወስደን እናያቸው። የዋሁ ኪከር ስናፕ ጎማ የሚነዳው ነው፦ እስከ 12 በመቶ ዳገት ያስመስላል፣ ዋቱን ሲለካ ወደላይም ወደታችም 3 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። ኪከር ኮር ጎማ የሚያስወልቀው ነው፦ ዳገቱ 16 በመቶ፣ ስህተቱ 2። ኮር ውስጥ 5.4 ኪሎ ቮላኖ፣ ማለትም የሚሽከረከር ከባድ ብረት፣ አለ፤ ፔዳል ስታቆሙ ወዲያው ቀጥ የማይልባችሁ በእሱ ነው። እውነተኛ መንገድ ላይ ብስክሌቱ በራሱ እንደሚሄደው ማለት ነው።

ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር ማርሹ ነው። አንዳንዱ ትሬነር ያለ ማርሽ ይሸጣል። ብስክሌታችሁ ባለ 11 ከሆነ ባለ 11 ማርሽ ትገዛላችሁ፣ ማሰሪያ መፍቻውንም እንዲሁ። የድሮ ባለ 7 ማርሽ ብስክሌት ያለው ሰው ከመክፈሉ በፊት መካኒክ ያማክር፤ እነዚህ ትሬነሮች በአብዛኛው የሚያውቁት ከ8 ጀምሮ ያለውን ነው። ዝዊፍት ኮግ የሚባል አንድ ጥርስ ብቻ ያለው አማራጭም አለ፤ ከባለ 8 እስከ ባለ 12 ላለ ብስክሌት ይሆናል፣ ማርሹን መሪው ላይ በምትጫኑት ቁልፍ ትቀይራላችሁ። ባልና ሚስት በሁለት ብስክሌት አንድ ትሬነር ለሚጋሩበት ቤት ግልግል ነው።

ከዚህ በላይ ያሉትስ? ኪከር ቪ6 20 በመቶ ዳገት፣ ታክስ የሚባለው ሌላ ኩባንያ የሚሠራው ኒዮ 2ቲ ደግሞ 25 በመቶ ይላሉ። እዚህ ላይ ገንዘባችሁን አትበትኑ። ዝዊፍት ውስጥ የዳገቱን ክብደት የሚወስን ማስተካከያ አለ፤ ሲመጣ 50 በመቶ ላይ ነው የሚመጣው። ካልነካችሁት 10 በመቶው ዳገት እግራችሁ ላይ 5 ሆኖ ይደርሳል። ዝነኛው አልፕ ዱ ዝዊፍት፣ የፈረንሳዩን አልፕ ደዌዝ ተከትሎ የተሠራው፣ 21 ጠመዝማዛና 12 ኪሎሜትር ሆኖ አማካይ ዳገቱ 8.5 በመቶ ነው። ለዚህ 25 ምን ያደርጋል?

ኒዮን የማደንቀው በሌላ ነገር ነው፤ ሳይሰካ ይሠራል። በውስጡ ማግኔት ስላለ ከፔዳላችሁ ራሱ ኃይል ያመነጫል። ሳይሰካ የሚቀርባችሁ ቁልቁለት ላይ በራሱ የሚገፋው ነገር ነው። ኪከር ግን ካልተሰካ አይታዘዝም። አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ ስንመርጥ ክርክራችን ይኸው ነበር። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፣ ግን ስልኩና ዳታው አሉ። እሱ ኒዮ ኒዮ አለ።

እኔ ደግሞ ሻንጣውን አሰብኩ። ኒዮ 21.5 ኪሎ ነው። የሚፈቀድልኝ አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ሻንጣው ራሱ ስንት ሊመዝን ነው? ለእናታችን የምወስደው ቫይታሚንስ? ኮር 18 ኪሎ ስለሆነ ትንፋሽ ይሰጣል፣ ዋጋውም ከኒዮ በብዙ ያንሳል። በመጨረሻ ኮር ወሰድኩለት። አስማሚው ላይ 100–240 ቮልት የሚለውን ጽሑፍ ሳታዩ ግን ምንም ነገር ከአሜሪካ አትውሰዱ።

ወንድሜ አሁን ዋቱ ከእኔ አነሰ ብሎ ያማርራል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ እንዳለች ይረሳል። አየሩ ሳስቶ ዋት ሲቀንስ ጨዋታው ካሳ አይከፍልም፤ ዋትና ኪሎውን እንጂ የከተማውን ከፍታ አያይም። እኔም አላስታውሰውም፤ ማሸነፉ ደስ ይለኛል።

ለመተግበሪያው ዝዊፍት በወር 20 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። ማይዉሽ፣ የአቡዳቢዎቹ፣ ነፃ ነው፤ በውጭ ካርድ መክፈል ለሚቸግረው ወንድሜ የተመቸውም እሱ ነው። ሩቪ የእውነተኛ መንገድ ቪዲዮ ያሳያል። ከላይ የጠራኋቸው ትሬነሮች ከሦስቱም ጋር ይሠራሉ።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ በእጃችሁ አሽከርክሩና ጆሯችሁን አስጠጉ፤ የሚፈጭ ድምፅ ካለ ተዉት። ከዚያ ሻጩ ፊት ከስልካችሁ ጋር አገናኙት፣ ሁለት ደቂቃ ንዱት። የእኔን ወፍጮ የገዛኝ ልጅ ይህን ሁሉ አደረገ፤ ድምፁን ሰምቶ ሳቀ፣ ግን ገዛው። የሚኖረው ምድር ቤት ነው።