«ካናዳ በሥራ ቪዛ እንልካለን» የሚል ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ሁለት የሰፈሬ ልጆች እኔ ገንዘቤን የበተንኩበት ቢሮ ቀጠሮ መያዛቸውን ሰሞኑን ስለሰማሁ ነው። አንደኛው የእናቱን ወርቅ ሊሸጥ ነው። እነሱን በአካል አግኝቼ ነግሬያቸዋለሁ። የማላውቃችሁ ግን ብዙ ናችሁ።

የብየዳ ባለሙያ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የውጭ ጉዞ አማካሪ ነኝ የሚል ድርጅት ካናዳ በሥራ ቪዛ እልክሃለሁ ብሎ 280,000 ብር ጠየቀኝ። ግማሹ ስፈርም፣ ቀሪው የቅጥር ደብዳቤው ሲመጣ የሚከፈል ነበር። የመጀመሪያውን የእቁብ ዕጣዬ ወጥቶልኝ ነበርና ከዚያ ከፈልኩ፤ ሁለተኛውን ከአጎቴ ተበደርኩ። ቢሮው ጽዱ ነው፣ ሠራተኞቹ ሰው አክባሪ ናቸው፣ ግድግዳው ላይ ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት ይዘው የሚስቁ ወጣቶች ፎቶ ተሰቅሏል። እኔም አመንኩ።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ካልጋሪ ያለ የብረታ ብረት ድርጅት፣ በሰዓት 34 ዶላር፣ መኖሪያና ምግብ በነፃ። እናቴ ደብዳቤውን ስማ ሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀመጠችው። ካናዳ ኤድመንተን ከተማ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ ፎቶውን የላኩለት ሁሉን ከከፈልኩ በኋላ ነው። ወዲያው ደወለ። «አድራሻውን አይተኸዋል? ‹ካልጋሪ፣ ኦንታሪዮ› ይላል እኮ። ካልጋሪ ያለችው አልበርታ የሚባል ሌላ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው!» አለኝ። የተላከበት ኢሜይልም ማንም ሰው በነፃ የሚከፍተው ጂሜይል ነበር። የብረታ ብረት ድርጅቱ በስሙ አለ፤ የአክስቴ ልጅ ስልካቸውን ፈልጎ ሲደውል ግን እንኳን ሊቀጥሩኝ ስሜንም ሰምተውት አያውቁም።

እውነተኛው መንገድ እንዴት እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። እንደ እኔ ላለ ሙያ አብዛኛውን ጊዜ ካናዳዊው ቀጣሪ ራሱ አስቀድሞ ከመንግሥቱ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ «ኤልኤምአይኤ» የሚሉት እሱ ነው። ለዚህም ቀጣሪው ለአንድ የሥራ መደብ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላል፤ ይህን ገንዘብ ከሠራተኛው መቀበል ደግሞ በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ «የኤልኤምአይኤ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ወይ ሕግ እየጣሰ ነው ወይ የሌለ ነገር እየሸጠላችሁ ነው። ፈቃድ ያገኙ ቀጣሪዎች ስም ዝርዝር በየሩብ ዓመቱ በካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ይወጣል። ከአመልካቹ የሚፈለገው የሥራ ፈቃድ ማመልከቻ 155 ዶላርና የአሻራ 85 ዶላር ነው። ከእኔ 280,000 ብር ውስጥ ለካናዳ መንግሥት የገባው ይኸው ነው።

አሁን ስለ ውሉ ልንገራችሁ፤ ወገቤን የቆረጠኝ እሱ ነው። አራት ገጽ ነው፣ ቆሜ ነው የፈረምኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ድርጅቱ የሚሰጠው የማማከር አገልግሎት ሲሆን ለቪዛ መገኘት ዋስትና አይሰጥም፤ የተከፈለ ክፍያ በማናቸውም ምክንያት ተመላሽ አይሆንም» ይላል። በአፍ «መቶ በመቶ ትሄዳለህ» ያለኝ ሰው በጽሑፍ ምንም አልሸጠልኝም። ከሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ «አመልካቹ ለሰነዶቹ ትክክለኛነት ሙሉ ኃላፊነት ይወስዳል» የሚል አለ። ያንን የሐሰት ደብዳቤ ያመጡት እነሱ ናቸው፤ ባለቤቱ ግን እኔ ሆንኩ። ልከስ ስሄድም ቀድሞ የቀረበብኝ ይኸው ውል ነው፤ «ፈርመሃል፣ የተዋዋልከው ምክር ነው» ተባልኩ። ንግድ ፈቃዳቸውም የማማከር እንጂ የውጭ አገር ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ፈቃድ አይደለም።

የኤጀንሲ ፈቃድ የሚሰጠው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራ ፈቃዱንና ኢንሹራንሱን አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። የሠራተኛው ድርሻ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬትና የመሳሰለው ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከበሩ እመለስ ነበር።

ብሩ ሄደ እንበል፤ ሠርቼ እከፍለዋለሁ። የማይመለሰው ሌላው ነው። ማመልከቻዬን ኢንተርኔት ላይ ያስገቡት በራሳቸው ኢሜይል ነው፤ የይለፍ ቃሉን ስጠይቅ «ሲስተሙ ለድርጅት ብቻ ነው» አሉኝ። ውሸት ነው፤ ማንም ሰው በስሙ አካውንት ከፍቶ ማመልከት ይችላል። እኔ «በሂደት ላይ ነው» እየተባልኩ ስጠብቅ የካናዳ ኢሚግሬሽን ደብዳቤው ሐሰተኛ መሆኑን ደርሶበት ማብራሪያ እንድሰጥ በቀን ገደብ ጽፎልኝ ነበር። ጽሑፉ እኔ ልከፍተው በማልችለው አካውንት ውስጥ ቀረ፤ ቀኑም አለፈ። ውሳኔውን ያየሁት ከብዙ ልመና በኋላ ነው፦ በሐሰት መረጃ ምክንያት ለ5 ዓመት ካናዳ እንዳልገባ ተከልክያለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ሙያዬ እውነተኛ ነው፣ የሥራ ልምዴ እውነተኛ ነው። አሁን እውነተኛ ቀጣሪ ባገኝ እንኳ ክልከላው በስሜና በአሻራዬ ተመዝግቧል። ሌላ አገር ሳመለክትም «ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» የሚለውን ጥያቄ «አዎ» ብዬ መመለስ ግዴታዬ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ወሬ ይዘዋል አሉ፦ «በቪዚት ግቡ፣ እዚያ ስትደርሱ ወደ ሥራ ፈቃድ እንቀይርላችኋለን።» በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው ካናዳ ውስጥ ሆኖ የሥራ ፈቃድ እንዲያመለክት የተፈቀደበት ጊዜያዊ አሠራር ነበር፤ እሱ በፈረንጆቹ ነሐሴ 28 ቀን 2024 ቀርቷል። የቀረ ነገር በሙሉ ዋጋ እየተሸጠላችሁ ነው።

እባካችሁ፣ የምትከፍሉት ሰው በካናዳ ሕግ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ለክፍያ መወከል የሚችለው ካናዳ ውስጥ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የሕግ ረዳት (ፓራሊጋል)፣ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ኖታሪ (የሕግ ባለሙያ)፣ ወይም የካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ አባል ነው፤ የኮሌጁ አባላት ስም በድረ ገጹ ለማንም ክፍት ነው። ወኪል ካላችሁም የወኪልነት ቅጹ ላይ ስሙ ተጽፎ መግባት አለበት። ስሙን ሳይጽፍ «እኔ ከኋላ ሆኜ እሠራለሁ» የሚላችሁን አትቀበሉ። ፓስፖርታችሁን «እኛ ጋ ይቀመጥ» ቢሉም እሺ አትበሉ።

ፈርማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ደግሞ ነገ ጠዋት ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የአካውንቱን የይለፍ ቃልና በስማችሁ የገባውን ሰነድ ሙሉ ኮፒ። ማመልከቻው ገና ካልገባ ደብዳቤውን ሳታጣሩ እንዳይገባ አስቁሙ። ገብቶ ማብራሪያ ተጠይቃችሁ ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ፈልጋችሁ እውነቱን ጻፉ። ደረሰኛችሁን፣ የቴሌግራም መልእክታችሁን፣ የድምፅ ቅጂ ካለም አታጥፉ፤ እኔ ስልክ ስቀይር ግማሹን አጥቼ ተጎድቻለሁ። ውላችሁን አብሯችሁ የሚያነብ ሰው ካጣችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ማታ ማታ ከሥራ ስገባ አነብላችኋለሁ።