ብሎው ኦፍ ቫልቭ ተርቦው ጋ ይታሰር ወይስ ትሮትሉ ጋ? ባህር ዳር ለምትነዱ

ብሎው ኦፍ ቫልቭ ማለት እግራችሁን ስታነሱ ተርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚልከው) የጨመቀውን ትርፍ አየር የሚያስተነፍስ ዕቃ ነው። ናፍጣ የምትነዱ መጀመሪያ ተረጋጉ፣ አብዛኛው ናፍጣ ሞተር እግራችሁን ስታነሱ አየሩን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ትሮትል (የአየር መግቢያ በር) የለውም፣ ስለዚህ ይሄ ዕቃ አያስፈልጋችሁም፣ ድምፁ ካላማራችሁ በቀር ብራችሁን ያዙ።

ቤንዚን ተርቦ ላላችሁ ግን ሁለት ቦታ አለ፤ ተርቦው አፍ ላይ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ሳይደርስ፣ ወይ ከኢንተርኩለር በኋላ ትሮትሉ አጠገብ። ተርቦው ጋ ሲሆን የመመለሻ ቱቦው (የተነፈሰውን አየር ወደ ተርቦው መግቢያ የሚመልሰው) አጭር ነው፣ ስራውም ቀላል ነው። ጣጣው ሙቀቱ ነው፣ እዛ ጋ አየሩ ከ100 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ በዛ ላይ ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ ከባህር ወለል ወደ 20 በመቶ ያንሳል፣ ተርቦው ያንኑ ጉልበት ለማምጣት ይበልጥ መሽከርከር አለበት፣ በተሽከረከረ ቁጥር ደግሞ ያግላል፣ ላስቲክ ዲያፍራም ያለው ርካሽ ቫልቭ እዛ ላይ ቶሎ ነው የሚሰነጠቀው። እዛው ማሰር ግድ ከሆነባችሁ የብረት ፒስተን ያለውን ግዙ።

ትሮትሉ ጋ አየሩ ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰው፣ ግፊቱም የሚጋጨው እዛው በሩ ላይ ስለሆነ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ከዓባይ ማዶ ወደ መሀል ከተማ በባጃጅ መሀል ረገጥ ለቀቅ እያላችሁ ስትገቡ ይመቻል፣ ግን እውነቱን ለመናገር ቱቧችሁ አጭር ከሆነ ልዩነቱ ብዙም አይታወቃችሁም። መመለሻው ስለሚረዝም ግን ተጨማሪ ቱቦና ብየዳ አለው፣ እሱን አስቡበት።

እኔን ከቦታው በላይ የሚያሳስበኝ አየሩ የት ይሄዳል የሚለው ነው! ኤር ፍሎው ሴንሰሩ (የሚገባውን አየር የሚለካው) ፊልትሮው ጋ ያለ መኪና ላይ የተለካውን አየር ውጪ ከለቀቃችሁት ኮምፒውተሩ ግን ቤንዚኑን ለዛው አየር ነው የሚሰጠው፣ ጥቁር ጭስ፣ መንገጫገጭ፣ መስቀለኛ ጋ ስትቆሙ መጥፋት። ማኒፎልድ (ከትሮትሉ በኋላ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ላይ ግፊት የሚለካ መኪና ይሄ ችግር የለበትም። ውጪ ከለቀቃችሁት አቧራው ግን ሁለቱንም ዓይነት መኪና ያገኛል፣ ሞላው የላላ ቫልቭ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ) ገርበብ ብሎ ያልተጣራ አየር ወደ ሞተር ይስባል፣ ኮረኮንች ላይ ለሚውል መኪና ይሄ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ከተማ ውስጥም ጎንደር መንገድም ለሚነዳ የኔ ምርጫ ትሮትሉ ጋ፣ መመለሻ ያለው። መመለሻው ከሴንሰሩ በኋላ ተርቦው ከመድረሱ በፊት ይግባ፣ ቀጭኗ የቫኪዩም ቱቦ ደግሞ ከማኒፎልድ ለብቻዋ አጭር ሆና ትምጣ፣ መካኒኩ ከፍሬኑ ቫኪዩም ጋር ሊያጋራት ሲል ካያችሁት አስቁሙት።